ለሚረሳ ሰው የተነገረ

ዳልጮ ምስጢሩን የነገረው ለሚረሳ ሰው ነው። በዚህም ብልህ የሆነ መስሎት ነበር። ሌላው ሰው ምስጢር የሚያካፍለው ሲፈልግ ታማኝ ይመርጣል፤ እሱ ግን ታማኝ ምን ያደርግልኛል፣ ታማኝም ሲጣላ ይናገራል፣ ሲታረቅ ይናገራል፣ ሞቅ ሲለውማ አይጠየቅም ብሎ አሰበ። ስለዚህ የመረጠው የጠዋቱን ለከሰዓት የማያደርሰውን ኤርጫፎን ነው። ኤርጫፎ ምሳውን በልቶ እጁን እየታጠበ «ዛሬ ምሳ የለም እንዴ?» የሚል ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጆሮ የገባ ነገር የት ይደርሳል?

ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚለውን ዳልጮም ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ግን ያወቁትን ለመዘንጋት የግድ ጭንቅላትን መመታት አያስፈልግም።

ሁለቱ የተገናኙት ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች አንዲት የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጭንቅላታቸው ተጎድቶ በሕይወት የተረፉ ሰዎች እዚያ ይሰበሰባሉ። ከሞተር የወደቀ አለ፤ በጠብ መሐል ገብቶ በድንጋይ የተመታ አለ፤ ከፎቅ ግንባታ ላይ የወደቀ አለ። የሚሰበስቧቸው ሲስተር ሳባ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ቡድኑ በወረቀት ላይ ረጅም ስም አለው፤ ከአባላቱ መካከል ስሙን እስከ መጨረሻው የሚዘልቀው ግን የለም። ነህምያ የሚባለው ወጣት፣ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ እያለ ከፎቅ የወደቀው፣ «የቅል ማኅበር» አለው። ሲስተር ሳባ ተቆጡ። «ሲስተር፣ ቅል አይደለን? ከድንጋይ ጋር ተላትመን ተሰነጠቅን። ይሄ ስም ቢያንስ አይረሳም» አላቸው። እሳቸውም ሳቁ፤ ስሙም ጸና።

ዳልጮ ያቺን አዳራሽ ይወዳት ነበር። ድሮ እዚያው ሲቀላ የብረት በርና መስኮት የሚሠራ፣ ሦስት ሠራተኛ የሚያዝ ሰው ነበር። አሁን የብየዳ ብርሃን ገና ከሩቅ ሲያይ ራሱን ይዞ ይቀመጣል፤ ቀኝ እጁ ይዘገያል፤ የባጃጅ ጥሩምባ ያስቆጣዋል፤ ቃል ይጠፋበታል። ገበያ መሐል ቆሞ ቃል ሲፈልግ ያየ ሰው ሰካራም ይለዋል፣ ወይም ከንፈር መጥጦ ያልፈዋል። በአዳራሿ ውስጥ ግን የሚቸኩልበት የለም። ቃሉ እስኪመጣ ስምንት ሰው ዝም ብሎ ይጠብቀዋል፤ ሲመጣም ማንም አያጨበጭብም። ከጉዳቱ በኋላ ሰው የሆነበት ቦታ እሱ ብቻ ነው ብል አልተሳሳትኩም።

ሲስተር ሳባ አባላቱን ሁለት ሁለት አድርገው አጣምደዋቸዋል። አንዱ የሌላውን ደብተር ያያል፤ መድኃኒቱን መዋጡን ይጠይቃል፤ ቤቱ ያደርሰዋል። ለዳልጮ ኤርጫፎ ደረሰው። ኤርጫፎ ከእህቱ ከሸዋነሽ ጓሮ ማንጎ ሲለቅም ከዛፍ የወደቀ፣ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ ዝምተኛ ገበሬ ነው። የድሮውን ሁሉ ያውቃል፤ ከወደቀበት ቀን ወዲህ ግን ምንም አይዝም። ከእህቱ ቤት ወጥቶ እየጠፋ ሁለት ጊዜ ዓባያ ሐይቅ ዳር ተገኝቷል።

የቤቱን መንገድ ያስያዘው ዳልጮ ነው፤ ዘዴው ግን የሲስተር ሳባ ነው። «በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ቃል፣ ሳትሰለች ደጋግምለት» አሉት። «እንዲህ ያለ ጭንቅላት አንዴ የነገርከውን አይዝም። የተደጋገመ ነገር ግን ቀስ እያለ ይሰርጋል። ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደነገረው አያውቅም፤ የራሱ ሆኖ ይቀራል።» ዳልጮ ይህን በጆሮው ሰማ፤ በደብተሩም ጻፈው። ሦስት ወር ሙሉ «ሾላው ጋ ወደ ግራ፣ ከዚያ ሰማያዊ በር» እያለ ደገመለት። በአራተኛው ወር ኤርጫፎ ሾላው ጋ ሲደርስ ማንም ሳይነግረው ወደ ግራ ታጠፈ። ዳልጮ ያን ቀን ከደስታው ብዛት መንገድ ላይ አለቀሰ።

ምስጢሩ ደግሞ ይህ ነው።

ከአራት ዓመት በፊት በአንድ ቅዳሜ ዳልጮና የሚስቱ ወንድም አሮን ከምዕራብ ዓባያ ገበያ በዳልጮ ሞተር ይመለሱ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ግድም፣ ላንቴ የምትባለው መንደር ሊደርሱ ሲሉ፣ መንገዱ ላይ ከብት ገባ። ሞተሩ ተገለበጠ። አሮን እዚያው ሞተ፤ ገና ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ዳልጮ ጭንቅላቱ ተሰንጥቆ አሥራ ስምንት ቀን ራሱን ሳያውቅ ተኛ። ሲነቃ ያን ቀን ከነጭራሹ አያስታውሰውም። የሆነውን የነገሩት ሌሎች ናቸው። መንጃ ፈቃድ ያለው አሮን ነው፤ ሞተሩ ሥር የተገኘውም አሮን ነው፤ ስለዚህ ይነዳ የነበረው አሮን ነው ተባለ። ትራፊኩ እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ ሰፈሩም እንዲህ አለ፤ ዳልጮም እንዲህ ይሆናል ብሎ ተቀበለ። እስከዚህ ድረስ ዋሽቷል የሚለው የለም።

ሁለት ወር ሳይሞላ የአሮን እናት ወይዘሮ አበቡ ሽማግሌዎች ይዘው ከምዕራብ ዓባያ መጡ። እርጥብ ሣር በሁለት እጃቸው ይዘው ከዳልጮ አልጋ ሥር ተንበረከኩ። በጋሞ ምድር ሣር ይዞ የተንበረከከን ሰው እምቢ አይሉትም። «ልጄ ቸኩሎ ጎዳህ» አሉ። «ሞቷልና ራሱ መጥቶ አይጠይቅህም። እኔ እጠይቅሃለሁ።» ዳልጮም ቃሉን በመከራ ፈልጎ «ይቅር ብያለሁ፣ እማማ» አላቸው። በቤቱ የነበረው ሁሉ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ በየገበያው ቀን የበሰለ ሙዝ በሚኒባስ እየላኩ፣ ልጄ ጎድቶታል ያሉትን ሰው ይመግቡ ጀመር።

ትዝታው የመጣው ከአደጋው በኋላ በስምንተኛው ወር ነው። ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ፣ ውሃው ግንባሩን ሲነካው፣ ያ ቀን ከነድምፁ መጣ። አረቄ ጠጥቶ ነበር። ለሚስቱ ለአገርነሽ ቤተሰብ ሲል ቤተ ክርስቲያናቸው ገብቶ መጠጥ ትቻለሁ ካለ ሰባት ዓመት የሆነው ሰው፣ ከገበያው ጀርባ ተደብቆ ሦስት መለኪያ ጨልጧል። አሮን ትንፋሹን አሽትቶ አወቀ። «ወንድሜ፣ ጠጥተሃል፤ እኔ ልንዳ» አለው። ዳልጮ «በገዛ ሞተሬ?» ብሎ ቁልፉን ከእጁ ነጠቀው። አሮን ለእህቱ የገዛላትን ቢጫ ጫማ በሸሚዙ ውስጥ ከትቶ ከኋላ ተቀመጠ። የመጨረሻ ቃሉ «ቀስ በል፣ ከብት አለ» የሚል ነበር።

ዳልጮ ፊቱን በፎጣ አድርቆ ወደ ቤት ገባ። አገርነሽ «ሙዝ ብላ፣ እማዬ ልካለች» አለችው። እኔ ብሆን አንቆኝ ይቀር ነበር ይላል ሰው፤ ሰው ብዙ ይላል። ዳልጮ ግን በላ።

ለምን ዝም አለ ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ አጭር ነው፤ ፈራ። ሥራው ሄዷል፤ ጓደኞቹ ሄደዋል፤ የወጥ ሽታ እንኳ አፍንጫው ውስጥ የለም። የቀረችው አገርነሽ ናት። ቀን ታስተምራለች፤ ከሰዓት የእሱን ሸሚዝ ቁልፍ ትቆልፋለች፤ ያንቀጠቀጠው ዕለት ምላሱን እንዳይነክስ ጎኑን አዙራ ይዛ «አይዞህ የዕድሌ አባት» ትለዋለች። ዕድሌ የምትላት የዘጠኝ ዓመት ልጃቸውን ዕድላዊትን ነው። ደግሞም አንዳንዴ እያንጎራጎረች «አሮን ለምን ሮጥክ?» ትላለች፤ የሞተ ወንድሟን ትቆጣዋለች። ዳልጮ ያን ጊዜ ተነስቶ ይወጣል። እሷ ጫጫታው አስመርሮት ይመስላታል።

ለኤርጫፎ መጀመሪያ የነገረው ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ነው። ሙቀቱ አይጣል ነበር፤ ሾላው ሥር አረፍ አሉ። ዳልጮ የኤርጫፎን ደብተር አየ፤ ተዘግቷል። ከዚያ ጀመረ፤ «ከምዕራብ ዓባያ ስንመለስ ሞተሩን የምነዳው እኔ ነበርኩ።» ቃል አልጠፋበትም፤ ይገርማል፣ ያን ነገር ሲናገር አንድም ቃል አይጠፋበትም። አረቄውን፣ ቁልፉን፣ ጫማውን፣ ከብቱን፣ ሣሩን፣ ሁሉንም ነገረው። ኤርጫፎ ጉልበቱን ያዝ አደረገውና «ከባድ ነው ወንድሜ፤ ለሚስትህ ንገራት» አለው። ዳልጮ «እነግራታለሁ» አለ። ቤት ደርሰው ሰማያዊው በር ሲከፈት ኤርጫፎ ሁሉንም ረስቶ «ደህና ዋልክ?» አለው፣ ገና አሁን እንደተገናኙ ሁሉ። ዳልጮ ከደረቱ ላይ ድንጋይ ተነስቶለት ሄደ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ድንጋዩ ተመልሶ ነበር፤ እንደገና ነገረው። በሚቀጥለውም። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ ማለት ይኼ ነው። ዳልጮ ግን ልምምድ ነው ይል ነበር ለራሱ፤ እዚህ ሾላ ሥር ካጠናሁት ለአገርነሽ ስናገር አልንተባተብም፤ ከእሷ ቀጥሎ ደግሞ ለእናቷ። በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ቃል፣ ሳይሰለች። እነዚህን ቃላት የት እንደሰማቸው ትዝ ቢለው ኖሮ ይህ ታሪክ አይጻፍም ነበር።

ጥቅምት ላይ ወይዘሮ አበቡ ታመሙ። አገርነሽና ዳልጮ ምዕራብ ዓባያ ወርደው አልጋቸው አጠገብ ተቀመጡ። አገርነሽ ውሃ ልታመጣ ስትወጣ አሮጊቷ የዳልጮን ቀኝ እጅ፣ ያንን የሚዘገየውን፣ ያዙና «ይቅር እንዳልከው ለአሮን እዚያ እነግረዋለሁ» አሉት። ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ዳልጮ አፉን ከፈተ። ማሰሮው ተቀድቶ፣ አገርነሽ ተመልሳ እስክትገባ ድረስ ከፍቶት ቆየ። በማግስቱ ቀበሯቸው፤ ከአሮን ጎን።

ከዚያ በኋላም ሾላው ሥር መናገሩን አልተወም፤ እንዲያውም የአሮጊቷን ነገር ጨመረበት። ሸዋነሽ አንድ ሐሙስ በሩ ላይ አቆመችው። «ወንድሜ ዳልጮ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው? ጠዋት ሲነሳ ያለቅሳል። ምን ሆንክ ስለው አያውቀውም፤ አንድ መጥፎ ነገር አድርጌያለሁ ብቻ ይለኛል» አለችው። ዳልጮ መድኃኒቱ ይሆናል አላት። እንዲህ ሲል ፈራ፤ ፍርሃትን ግን እንደ ራስ ምታቱ ከለመደው ቆይቷል።

የካቲት ላይ ሲስተር ሳባ የቤተሰብ ቀን አዘጋጁ። እያንዳንዱ አባል በቤተሰቡ ፊት ተነስቶ፣ በቤት ውስጥ ሊናገረው የሚከብደውን አንድ ነገር እንዲናገር ነው። አገርነሽ ከትምህርት ቤት አስፈቅዳ መጣች፤ የተማሪ ደብተር ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ፣ ተራ እስኪደርስ እያረመች። ነህምያ ተነስቶ ለአባቱ «የድሮ ልጅህን እየጠበቅህ ነው፤ አይመጣም» አለው። አባትየው ኮቱን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ዳልጮ ለራሱ ተራ ያዘጋጀው ጫጫታ እንደሚያስቸግረው ነበር። ልምምዱን ሁሉ ይዞ መጥቶ፣ ለመናገር የመረጠው ጫጫታን ነው።

ከእሱ በፊት ኤርጫፎ ተነሳ። ደብተሩን አልከፈተም። እጁን አጣምሮ፣ ሰው ሁሉ ዝምተኛነቱን የሚያውቀው ሰውዬ፣ ዳዊት እንደሚደግም ቀጥ ብሎ ጀመረ።

«ከምዕራብ ዓባያ ስንመለስ ሞተሩን የምነዳው እኔ ነበርኩ።»

ሸዋነሽ ቀና አለች። «ኧረ ወንድሜ፣ አንተ ከማንጎ ዛፍ ነው የወደቅኸው» አለችው ቀስ ብላ።

«አረቄ ጠጥቼ ነበር» አለ ኤርጫፎ። «አሮን፣ ‹ወንድሜ፣ ጠጥተሃል፤ እኔ ልንዳ› አለኝ። ቁልፉን ከእጁ ነጠቅሁት።»

የአገርነሽ ቀይ እስክሪብቶ ቆመ። ሲስተር ሳባ ነገሩ አልገባቸውም፤ እንዲህ ያለ በሽተኛ ያልሆነውን ሲያወራ አይቋረጥም፣ ይጨርስ፣ ኋላ በቀስታ ይመለሳል የሚል ልምድ አላቸውና ለሸዋነሽ በእጃቸው ተይው አሏት። ኤርጫፎም ቀጠለ። ጫማውን ተናገረ። ከብቱን ተናገረ። የአሮን እናት ሣር ይዘው መምጣታቸውን ተናገረ። «‹ይቅር ብያለሁ፣ እማማ› አልኳቸው» አለ። «ሣር መያዝ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ሲሞቱም ለአሮን እዚያ እነግረዋለሁ አሉኝ። ዝም አልኩ።» እንባው በጉንጩ ይወርዳል፤ ድምፁ ግን አልተሰበረም።

አገርነሽ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«ጫማው ምን ዓይነት ነበር?» አለችው።

«ቢጫ» አለ ኤርጫፎ። «ከላዩ አበባ ያለበት። ለእህቱ ነው።»

ያን ጫማ የአሮን ልብስ ሲሰጣት በፌስታል ውስጥ አግኝታዋለች፤ ደም ነበረበት። ለእናቷ እንኳ አላሳየችም። አጥባ፣ በጨርቅ ጠቅልላ፣ ከሣጥኑ ሥር አስቀምጣዋለች። በምድር ላይ ያን ጫማ የሚያውቅ፣ ያን ቀን ከአሮን ጋር የነበረ ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ያን ቀን አላስታውሰውም ብሎ አራት ዓመት አብሯት ኖሯል።

ወደ ባሏ ዞረች። «ዳልጮ» አለችው። በስሙ ጠርታው አታውቅም።

እዚህ ላይ ቃል ጠፋበት ብዬ ላድነው እችል ነበር፤ ጭንቅላቱ ተጎድቷል፣ ማን ይፈርድበታል? ግን ቃሉ ነበረ። እንደ ልቡ ነበረ።

«ታሟል» አለ ዳልጮ። «ያልሆነውን ነው የሚያወራው። የእኛን ነገር ታውቂው የለም እንዴ?»

በዚያች አዳራሽ ውስጥ አንዱ አባል ሌላውን ታሟል ብሎት አያውቅም ነበር። ነህምያ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ኤርጫፎ ግን አልተቀየመም፤ ዳልጮን እያየ ራሱን ነቀነቀ።

«ልክ ነህ፣ ታምሜያለሁ» አለው። «ልጁ ግን ሞቷል።»

አገርነሽ ወጣች። ሄደች ብለው ሲያስቡ ተመልሳ ገባች፤ ግቢው ውስጥ ካለው ቦኖ ሥር የነጨችው እርጥብ ሣር በእጇ ነበር፤ ውሃው ይንጠባጠባል። ሣሩን ለሁለት ከፍላ በኤርጫፎ በሁለቱም እጁ አስያዘችው። «ጠይቀኝ» አለችው። ሰውየው ተንበርክኮ «እህቴ፣ ወንድምሽን ገድያለሁ፤ ይቅር በይኝ» አላት። ሸዋነሽ ልትነሳ ስትል ሲስተር ሳባ ክንዷን ያዙ፤ አሁን እሳቸውም ገብቷቸዋል።

«በአሮን ስም፣ በእናቴም ስም፣ አንተን ይቅር ብዬሃለሁ» አለችው አገርነሽ። ግንባሩን ሳመችው። ኤርጫፎ ወገቡን የያዘው ነገር እንደለቀቀው ሁሉ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ከዚያ አገርነሽ ደብተሮቹን ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በዳልጮ አጠገብ ስታልፍ አላየችውም። «ቦኖው ሥር ሣር ሞልቷል» ብላ ወጣች።

ዳልጮ ተቀመጠ። ኋላ ወጥቶ ሣሩን ነጨ፤ በዚያ በሚዘገየው ቀኝ እጁ። ቤት ሲደርስ በሩ ላይ ቁልፍ ነበረ። ጎረቤት አገርነሽ ዕድላዊትን ይዛ በሚኒባስ ወደ ምዕራብ ዓባያ መሄዷን ነገረው።

እሑድ እርጥብ ሣር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ወረደ። የአገርነሽ አጎት አቶ እንድሪያስ ደጅ ላይ ተቀበሉት። ወንበር ሰጡት፤ ውሃም ሰጡት። አገርነሽ አልወጣችም።

«ሣር የያዘን ሰው ፊት ለፊት እምቢ ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ታውቃለህ» አሉት። «እምቢ እንዳትልህ አትወጣም። እስከ ማታም ብትቀመጥ አትወጣም።»

«ለእማማ ልነግራቸው ነበር» አለ ዳልጮ።

«ሰው ሁሉ ሊነግር ነበር» አሉ ሽማግሌው።

የዕድላዊት ድምፅ ከጓሮ ይሰማል፤ ማንም አልጠራለትም። ዳልጮ በጉልበቱ ላይ ሣሩን አድርጎ ተቀመጠ። ፀሐይዋ ስትበረታ ጨርቁ ደረቀ፣ ሣሩም ጠወለገ። መቃብሩ ጋ ሄደ። ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው። ሣሩን እዚያ ሊያኖረው አስቦ ተወው፤ ሣር ተቀባይ እጅ ይፈልጋል። በመጨረሻው ሚኒባስ ተመለሰ።

ሐሙስ ሌላ የሚሄድበት አልነበረውም፤ ወደ አዳራሿ ሄደ። ማንም ውጣ አላለውም። ነህምያ ወንበሩን ትንሽ ሸሸት አደረገ፤ ዳልጮ ሲናገር አሁንም ቃሉ እስኪመጣ ይጠብቁታል፤ ሲመጣ ግን ዓይናቸው መሬት ላይ ነው። ስብሰባው ሲያልቅ ሲስተር ሳባ ለብቻው ጠሩት።

«ይቅርታውን ረስቶታል» አሉት። «በዚያው ቀን ማታውኑ ረሳው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነዋ የተነገረው። ኃጢአቱን ግን አልረሳም። ስንት ጊዜ ነገርከው?»

«ብዙ» አለ ዳልጮ።

«ሸዋነሽ መውጫ አጥታለች። ሲነጋ ጀምሮ ሰው ገድያለሁ እያለ ይዞራል። ትናንት ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እሰሩኝ ብሏል። ያስገባኸው አንተ ነህ፤ አንተው ታወጣዋለህ። በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ቃል።»

«ይወጣል፣ ሲስተር?»

«እኔ እንጃ» አሉ። «ሲገባ እንጂ ሲወጣ አይቼ አላውቅም።»

ስለዚህ ዳልጮ ኤርጫፎን ይዞ በጥርጊያው መንገድ ወረደ። ሾላው ሥር ተቀመጡ። ከበታች ዓባያ ሐይቅ ይታያል፤ እንደ ወትሮው ደፍርሷል። ኤርጫፎ እጁን በእጁ ያሻል።

«ዳልጮ፣ እኔ ሰው ገድያለሁ» አለ።

«አልገደልክም» አለ ዳልጮ። «አንተ ከማንጎ ዛፍ ነው የወደቅኸው። ከምዕራብ ዓባያ ስንመለስ ሞተሩን የምነዳው እኔ ነበርኩ።» እንደ ሁልጊዜው ሁሉንም ነገረው፤ አረቄውን፣ ቁልፉን፣ ጫማውን፣ ከብቱን፣ ሣሩን። አሁን በየመሐሉ «እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም» ይላል። የራሱ ድምፅ ለራሱ ጆሮ ከበደው።

ኤርጫፎ በጥሞና ሰማው፤ ያን ታሪክ ገና ዛሬ እንደሚሰማ ሰው። ከዚያ ጉልበቱን ያዝ አደረገው።

«ከባድ ነው ወንድሜ» አለው። «ለሚስትህ ንገራት።»

«ታውቃለች።»

«ምን አለችህ?»

«ምንም አላለችኝም» አለ ዳልጮ።

ኤርጫፎ ከዚህ በላይ አልጠየቀውም። ተነሱ። ሾላው ጋ ወደ ግራ ታጠፉ፤ መሪው ኤርጫፎ ነበር። ሰማያዊው በር ሲታያቸው ቆመና የዳልጮን እጅጌ ያዘ። ዓይኑ በእንባ ተሞልቷል።

«ዳልጮ» አለ፣ «ለማንም አልነገርኩም እንጂ፣ እኔ ሰው ገድያለሁ።»

ዳልጮ ከመጀመሪያው ጀመረለት።